ወፍና ጆሮ ጠቢ

ቅዳሜ ማታ ሽንዲ እህቴ ቤት ነበርኩ፤ ተናድጄ አደርኩ። የእህቴ ልጅ ቡሬ ደርሶ ሲመለስ ሚሞሪውን በፊልም አስሞልቶ ኖሮ፣ እራት እንደተበላ "ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚያነሡትን የሆንግ ኮንግ ፊልም አገኘሁልዎ" አለኝ። "ኢንፈርናል አፌርስ"ን ነው። ደስታዬን አልደበቅሁም። ስልኩን ረከቦቱ ላይ አስደግፈን ተኮልኩለን ማየት ጀመርን።

ላላየው በአጭሩ፦ አንድ ፖሊስ ወንበዴ መስሎ ከወሮበሎች መካከል ዓመታት ይኖራል። አንድ ወሮበላ ደግሞ በአለቃው ተልኮ ፖሊስ ቤት ይገባል፤ ይሾማል፣ ይከበራል። ኋላ ሁለቱም ወገን "በመካከላችን ጆሮ ጠቢ አለ" ብሎ ይነሣል። ፖሊስ ቤት "ጆሮ ጠቢውን ፈልገህ አምጣ" ተብሎ የሚታዘዘው ራሱ ጆሮ ጠቢው ነው።

በፊልም ላይ በአማርኛ የሚተርኩልንን የተርጓሚዎቻችንን ነገር ዳግመኛ አላነሣም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ሁለቱ ሰዎች ማንነታቸውን ሳይተዋወቁ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አሮጌ ዘፈን የሚያዳምጡበት ቦታ አለ። ዘፈኑን ዝም ብለው ይሰማሉ። ፊልሙ ያረፈው እዚያች ዝምታ ላይ ነው። የእኛው ተርጓሚ በዘፈኑ ላይ ገብቶ "ይሄኛው ሌባ ነው፣ ያኛው ፖሊስ ነው" እያለ ለፈለፈ። ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ፊልም ባይተረጉም እመርጣለሁ።

ልጁም "የአሜሪካኖቹ ኮፒ ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም። ይህ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ዳይሬክተሮቹ አንድሪው ላውና አለን ማክ ናቸው። ማርቲን ስኮርሴዚ "ዘ ዲፓርትድ" ብሎ የሠራው በ2006 ሲሆን አራት ኦስካር ወስዷል። በዚያው የሽልማት ሌሊት የመነሻው ፊልም "የጃፓን" ተብሎ ተነገረ። የሰው ሥራ ወስዶ አገሩን እንኳ አጣርቶ አለመጥራት ያሳዝናል።

ዋናው ንዴቴ ግን መጨረሻው ላይ ነው። የልጁ ቅጂ ሌላ መጨረሻ ነበረው። ጆሮ ጠቢው ከአሳንሰሩ ሲወጣ ባልደረቦቹ ጠብቀው ያስሩታል። እህቴ ቡናውን እየቀዳች "እሰይ! ተያዘልኝ!" አለች። ዋናው ፊልም እንዲህ አያልቅም። ይሄኛው ለቻይና ዋናው ምድር ገበያ ተብሎ የተቀጠለ ነው፤ ሌባ ሲያመልጥ ሕዝብ አይይ ተብሎ። በዋናው ላይ ሰውዬው መታወቂያውን ከፍ አድርጎ እያሳየ ይወጣል፣ ያመልጣል። በክብር ይኖራል። የቻይንኛው ርዕስ በቡድሃ እምነት ፋታ ከሌለው ከታችኛው ሲኦል የተወሰደ ነው። ማንም አልያዘውም፤ እሱ ግን ያውቃል። ከዚህ ወዲያ ካቴና ምን ይጨምራል?

አንድ መምህር ወዳጄ "ልጆች ሌባ ሲያመልጥ እያዩ ምን ይማራሉ?" ይለኛል። ፍኖተ ሰላም በተገናኘን ቁጥር የምንጣላበት ነው። ልጆቹማ ሌባ ሲያመልጥ በየቀኑ ያያሉ። በፊልም ላይ ማስያዝ እንዲህ ቀላል ሲሆን፣ በእውነተኛው ዓለም ለምን እንደማይያዝ መጠየቅ ይተዋሉ።

ሆንግ ኮንጎች ጠይቀዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (የፈረንጆቹን ማለቴ ነው) አምቡላንስ በሽተኛ ለማንሣት መጀመሪያ ገንዘብ ይቀበል ነበር። እሳት አጥፊው ካልተከፈለው ውኃ አይረጭም። ሆስፒታል የተኛ ሰው አንድ ብርጭቆ ውኃ ለማግኘት የጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ላይ ያስቀምጣል። ገንዘቡን የሚጠሩት "የሻይ" ብለው ነው። ልክ እንደኛ። ከቁማር ቤትና ከሐሺሽ ነጋዴ የሚሰበሰበው ደግሞ በፖሊሶቹ መካከል እንደ ደመወዝ ይከፋፈል ነበር።

ታዲያ ጉቦ የሚመረምረው ማን ነበር? የፖሊሱ የራሱ ክፍል። ፒተር ጎድበር የሚባል እንግሊዛዊ የፖሊስ መኮንን ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ተገኘበት። ከየት አመጣኸው ተብሎ ማብራሪያ በተጠየቀበት ሰሞን፣ ሰኔ 1973 እ.ኤ.አ.፣ በፖሊስ መታወቂያው የአየር ማረፊያውን ፍተሻ አልፎ ወደ አገሩ በረረ። ያችን መታወቂያ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሳያት ሁልጊዜ ጎድበር ትዝ ይለኛል። ሕዝቡ "ጎድበርን ያዙ" ብሎ አደባባይ ወጣ። በ1974 ከፖሊስ ሙሉ በሙሉ የተለየ፣ ተጠሪነቱ ለአገረ ገዢው የሆነ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበርም በ1975 ተላልፎ ተሰጥቶ አራት ዓመት ተፈረደበት። ነገሩ ያለ ትግል አልሄደም፤ በ1977 ፖሊሶች የኮሚሽኑን ቢሮ ገብተው እስከ መደባደብ ደርሰዋል፣ ለቀድሞ ጥፋታቸውም ምሕረት አግኝተዋል። ቢሆንም ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ከዚያ በኋላ የሚናገረው ለሌላ ጆሮ ነው።

እኛም የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንን በ1993 ዓ.ም. አቋቁመናል። ጠቋሚን የሚጠብቅ አዋጅም አለን፤ ቁጥር 699/2003። ወረቀቱ አልጎደለንም። ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ "ለሻይ እንኳ አትሉም?" አለኝ። ወጣሁ። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የሐሳብ መስጫ ሣጥን አለ፤ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ወረቀት ቀድጄ መጻፍ ጀመርኩና ጥበቃውን "ይህን ማነው የሚከፍተው?" አልኩት። እጁን ዘርግቶ አሁን ወደወጣሁበት ክፍል አመለከተኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እስከ ዛሬ ኮቴ ውስጥ አለ።

የጎጃሙ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1974 ዓ.ም. ላሳተሙት ልቦለድ "ወንጀለኛው ዳኛ" የሚል ርዕስ ሰጥተውታል። ሁለት ቃል ናት፤ የሆንግ ኮንጉን ፊልም ሙሉ ትሸከማለች።

ፊልሙ ሲያልቅ እህቴ ስለ አያታችን አነሣች። እኔ ለልጁ ነግሬው አላውቅም ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከሽንዲ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ጥማድ በሬ ተሰረቀና አውጫጭኝ ተጠራ። አገሬው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሌባው ካልወጣ እርሻ የለም፣ ወደ ቤት የለም። የሚያውቅ ሰው በግልጽ አይናገርም፤ ወፍ ነው የሚባለው። ለተመረጡት ሽማግሌዎች ሹክ ይላል፣ እነሱ "ወፍ እንዲህ አለች" ብለው ያወጣሉ፤ የወፏ ስም አይነሣም። አያታችን በሬዎቹ በሌሊት ሲነዱ አይተዋል። በሦስተኛው ቀን ለአንዱ ሽማግሌ ሹክ አሉ፤ ለእሱ ብቻ። በማግሥቱ አውጫጭኙ ሌባ አልተገኘም ተብሎ ተበተነ። በዚያው ሌሊት የአያታችን የጤፍ ክምር ተቃጠለ።

"ከዚያስ?" አለ ልጁ። ከዚያማ ምንም። ሽማግሌው ሽማግሌ ሆኖ ኖረ፣ ስንት ጠብ አስታረቀ። አያታችን አልከሰሱም፣ ስሙንም ለማንም አልነገሩም። እህቴ ያወቀችው ሰንበቴ ላይ ነው፤ ሕፃን ሆና ከጎናቸው ትቀመጥ ነበር። ጽዋው ሲዞር ከዚያ ሰው እጅ በደረሳቸው ቁጥር ተነሥተው በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ ከንፈራቸውን ያስነካሉ፣ ሳይጠጡ ለሚቀጥለው ያሳልፋሉ።