ፋብሪካ ሙያ ወዳለበት ይሄዳል

እህቴ፣ ሳልሚያም ሥሪ ጃህራ፣ ከአገር ቤት ሲደወል አንዱ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ታናሽሽ ፋብሪካ ትግባ ወይስ አረብ አገር ትምጣ?» ከመመለስሽ በፊት ፋብሪካ አገር የሚመርጠው በምን እንደሆነ እወቂ።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የልብስ ኩባንያዎችን የሳበው ርካሽ ጉልበትና በአጎዋ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። በ2019 በወጣ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። እዚህ ኩዌት የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር፣ ወደ 200 ዶላር ገደማ ነው። ጦርነቱ ሲባባስ የካልቪን ክላይን ባለቤት ፒቪኤች በኅዳር 2021 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ለርካሽነት የመጣ ሁኔታው ሲለወጥ ይሄዳል።

አሁን የእጅሽን ስልክ አስቢ። የዓለም ምርጥ ቺፖች በብዛት የሚሠሩት ታይዋን ነው። ታይዋን በ1976 ወጣት መሐንዲሶቿን አሜሪካ ልካ ሙያውን አስተማረች፤ ተምረው ተመለሱ። በ1987 ቲኤስኤምሲ ተቋቋመ። ዛሬ አሜሪካ ራሷ ይህ ኩባንያ አሪዞና ላይ እንዲተክልላት 6.6 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ መድባለች። ለሙያ ሲባል አገር ይለመናል፤ ለርካሽ ጉልበት ግን ማንም አይለምንም።

ስለዚህ ከምትልኪው ብር ለታናሽሽ ኤሌክትሪክ፣ ኮምፒውተር ወይም ቋንቋ መማሪያ ለዪላት። አንቺም ብትሆኚ ከማዳም ቤት የለቀምሽው አረብኛ ሙያ ነው፤ እኔ እንጀራዬን የምበላበት ነው። ፊደሉን ጨምሪበት። የትም ብትሄጂ ማንም አይቀማሽም።