ከመስመሩ ዳር የቆመ አባት



አንድ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ በአቅራቢያው ሜዳ የሰፈር ታዳጊዎች ሲጋጠሙ ቆመን ተመለከትን። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የ12 ዓመት ልጅ፣ በቀኝ ክንፍ ይጫወታል። አባቱ ከመስመሩ ዳር ሆነው «ስጠው! አትስጠው! አንተ ፈዛዛ!» ይላሉ። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር የሚያየው ጓደኞቹን ሳይሆን አባቱን ነበር። በሳምንቱ ቂርኣቱን አሰምቶን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኡስታዝ፣ አባባ እንዳይመጣ ይንገሩልኝ» አለን።

ነገሩ ከበደን። ልጅ የአባቱን መምጣት ከፈራ፣ ነገ ችግር ሲገጥመው ወደ ማን ይሄዳል?

በሌላ በኩል ኳስ የዱርዬ ሥራ ነው ብለው ጭራሽ የሚከለክሉ ወላጆችም አሉ። ልጁ ግን መጫወቱን አይተውም። ታኬታውን ጎረቤት ቤት ይደብቃል፤ የት ነበርክ ሲባል «ጥናት» ይላል። ከኳስ እናድነዋለን ስንል ውሸት አስተማርነው ማለት ነው።

የሴኔጋሉን ሙስሊም ተጫዋች የሳዲዮ ማኔን ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባምባሊ በምትባል መንደር ተወለደ፤ በ7 ዓመቱ አባቱን አጣ። ሃይማኖት አጥባቂ የሆኑት ቤተሰቦቹ ኳስን አልወደዱለትም። ስለዚህ በ15 ዓመቱ ገደማ ተደብቆ ወደ ዳካር ኮበለለ። ፈልገው መለሱት። ከዚያ ተነጋገሩና አንድ ዓመት ትምህርቱን ተከታትሎ እንዲሄድ ተስማሙ። በኋላ ለዚያችው መንደር ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠራ። ከሺህ ልጆች አንዱ እንኳ ማኔን ላይሆን ይችላል። ለእኛ የሚጠቅመን ዝናው ሳይሆን ያ ስምምነት ነው። ሳይኮበልል በፊት ቢነጋገሩ ኖሮ ደግሞ ምንኛ ባማረ ነበር!

ስለ ተመልካችነትስ? ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተሻለ አርአያ የለንም። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) አስተላልፈውት ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአስለም ጎሳ ሰዎች በቀስት ሲወዳደሩ አገኟቸው። አበረታቷቸውና ከአንደኛው ወገን ጋር መሆናቸውን ገለጹ። ሌሎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፣ እርስዎ ከእነርሱ ጋር ሆነው እንዴት እንወረውራለን አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከሁላችሁም ጋር ነኝ፣ ወርውሩ አሏቸው። የሚወዱት ሰው ከመስመሩ ዳር የሚናገረው አንዲት ቃል እጅን እንደምታስር፣ ሌላዋ ደግሞ እንደምትፈታ ከዚህ እንማራለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁን ከመከልከላችንም ከመልቀቃችንም በፊት ስለ ሶላቱ፣ ስለ ቂርኣቱና ስለ ትምህርቱ ሰዓት አብረን እንስማማ። ጨዋታው የመግሪብን ወቅት የሚያሳልፍ ከሆነ አሰልጣኙን ማነጋገር የእኛ የወላጆች እንጂ የልጁ ሸክም አይደለም።

ሁለተኛ፣ በምን እንደሚጫወቱ እንጠይቅ። ሁለቱም ቡድኖች ገንዘብ አስይዘው አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስድበት ጨዋታ ከቁማር የሚቆጠር ነው። ከዚያ መራቅ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ሜዳ ስንገኝ ማሰልጠኑን ለአሰልጣኙ እንተው። ወደ ቤት ስንመለስም «ስንት ለስንት?» ከማለታችን በፊት «ደከመህ ወይ?» እንበል።

የልጁን አደራ ተቀብለን አባቱን ከዒሻእ ሶላት በኋላ አነጋገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ልጅ ሆኜ ስጫወት ማንም መጥቶ አይቶኝ አያውቅም። ለእርሱ መምጣቴ ይበቃል ብዬ ነበር» አሉን። በፍቅር እንደመጡ ያን ጊዜ ገባን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ልጁ የግብ ኳስ ሳተና እንደ ልማዱ ወደ አባቱ ዞረ። የአባት አፍ ተከፈተ፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ በእጃቸው «አይዞህ፣ ሂድ» የሚል ምልክት አሳዩት። ልጁም ኳሱን ፍለጋ ሮጠ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ፣ እኛንም ለእነርሱ መጠጊያ ያድርገን። ኣሚን።