ከኮርድ በፊት ቅኝት፦ ሕፃናትን ጊታር ስለ ማስተማር

የክረምቱ ዝናብ ጠንክሮ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ሐምሌንና ነሐሴን የሚያሳልፉበትን ቦታ ያፈላልጋሉ። ዋና፣ ሥዕል፣ ኮምፒዩተርና የውጭ ቋንቋ ከሚመረጡት መካከል ናቸው፤ ጊታርም ከእነዚህ ተርታ ገብቷል። በለገሃር ዙሪያ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ እስከ ብሔራዊ ቴአትርና ካዛንቺስ ባለው የከተማዋ እምብርት፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከቁመቱ እምብዛም የማያንስ ጥቁር የጊታር ማኅደር በጀርባው አዝሎ፣ እናቱ እጁን ይዛው ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ በማኅደሩ ውስጥ የተሸከመው መሣሪያ ለእጁ ይመጥናል ወይ? በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚቀበለው ትምህርትስ ለጆሮው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እስካሁን ተገቢውን ትኩረት ያገኙ አይመስሉም።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው። ዕድሜያቸው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሚሆን ሕፃናት የጊታር ትምህርት ከነጠላ ዜማ፣ ነጠላ ዜማውም ልጁ በቤቱና በሰፈሩ ከሚሰማው ቅኝት መጀመር ይኖርበታል፤ ኮርድ ቆይቶ ይምጣ።

ጉዳዩን ከለገሃር አንጻር ማየት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። በ1948 ዓ.ም. ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር፣ በሩን ከፈተ። በዚያ መድረክ አስናቀች ወርቁ ተዋናይም ክራር ደርዳሪም ሆና ታየች፤ በአቅራቢያው በራስ ሆቴል ደግሞ የራስ ባንድ ጊታርና ሳክስፎን ይሰማ ነበር። ክራርና ጊታር በጥቂት መቶ እርምጃዎች ርቀት ጎረቤት ሆነው የኖሩበት ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለቱ መሣሪያዎች በልጆች መማሪያ ክፍል ውስጥ እምብዛም አልተገናኙም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት በሀገሪቱ የተጀመረበት መንገድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያዎችን የሚነፋ ጓድ አቋቋሙ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። ትምህርቱ በጓድ፣ በሥነ ሥርዓትና በኖታ የሚሰጥ ነበር። ጊታር ግን የመጣው በሌላ በር ነው፤ በሆቴልና በዳንስ ባንዶች፣ ኋላም በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የዝማሬ ቡድኖች በኩል። አብዛኞቹ ጊታር ተጫዋቾች ከጓደኛ፣ ከካሴትና ከራሳቸው ሙከራ ተማሩ። ይህ አሠራር ድንቅ ተጫዋቾችን አፍርቷል። የሮሃ ባንዱ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም የኤሌክትሪክ ጊታርን የቅኝት ዜማ ማውጫ አድርጎ እንዴት እንደተጠቀመበት የዘመኑን ቅጂዎች የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ራሱን ያስተማረ ጎልማሳ የሄደበት መንገድ ለስድስት ዓመት ሕፃን የትምህርት ዕቅድ ሊሆን አይችልም። ጎልማሳው መሣሪያውን ሲያነሣ ጆሮው ቀድሞ ተሞልቷል፤ ሕፃኑ ግን ጆሮውንም ጣቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያሠለጥነው።

በግል የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይታወቃል። መምህሩ በመጀመሪያ የጊታሩን ክፍሎች ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ኮርዶችን ያስጠናል፤ ከዚያ በእነዚህ ኮርዶች የሚታጀብ አንድ ዘፈን ወይም መዝሙር ይመርጣል። ይህን መምህራኑ ከስንፍና የሚያደርጉት አይደለም። ወላጅ የሚከፍለው በወር ነው፤ በወሩ መጨረሻም የሚሰማ ነገር ይፈልጋል። ሦስት ኮርድ የሚገርፍ ልጅ ከወላጁ ጋር ሊዘፍን ይችላል፣ ለዘመድም ይታያል። የገበያው አመክንዮ ከልጁ እጅ አመክንዮ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል።

የእጁን ነገር እንመልከት። ሙሉ መጠን ያለው ክላሲክ ጊታር የሚርገበገበው የክር ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 65 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ለጀማሪ ከሚሰጡት ኮርዶች አንዱ የሆነው የሶል ሜጀር ኮርድ በተለመደው አያያዝ የመጀመሪያውንና የስድስተኛውን ክር በሦስተኛው ፍሬት፣ አምስተኛውን ደግሞ በሁለተኛው ፍሬት መጫን ይጠይቃል። የአዋቂ እጅ ይህን ሳያስብ ይዘረጋዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ይህን ለመያዝ አንጓውን ያጣምማል፣ ትከሻውን ይሰቅላል፣ ጣቶቹም ጎረቤት ክሮችን እየነኩ ድምፁን ያፍናሉ። ክሮቹ የብረት ከሆኑ የጣቱ ጫፍ ይቆስላል። ልጁ ድምፁ ለምን እንደታፈነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያመመው መሆኑንና የወጣው ድምፅ መምህሩ የሚያወጣውን አለመምሰሉን ነው። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ጊታሩ ከቁም ሣጥን ጀርባ ይገባል፤ ልጁም «ሙዚቃ አይሆንለትም» ይባላል። ይህ ፍርድ ከልጁ ጋር ብዙ ዓመት ይኖራል። የተፈረደው ግን በመሣሪያው ስፋትና በትምህርቱ ቅደም ተከተል ላይ እንጂ በልጁ ተሰጥኦ ላይ አልነበረም።

የናይለን ክር ያለው አነስተኛ ጊታር (ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ መጠን) የችግሩን ግማሽ ይፈታል። እርሱ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቻልበት ቤት ካፖ የሚባለውን ማሰሪያ በአምስተኛው ፍሬት ላይ ማሰር የክሩን ርዝመት ወደ 49 ሴንቲሜትር ገደማ ያወርደዋል፤ በፍሬቶቹ መካከል ያለው ርቀትም በአንድ አራተኛ ያህል ይጠባል። የጊታሩ ሆድ አሁንም ለልጁ ክንድ ይሰፋል፤ ቢሆንም ጣቶቹ እፎይ ይላሉ።

ከእጁ ይልቅ የሚከብደው የጆሮው ጉዳይ ነው። ኮርድ የተሠራበት ሥርዓት በሦስተኛ ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ ሜጀርና ማይነር የሚለዩት በዚያ ድምፅ ነው። አምባሰል ግን ከመነሻ ድምፁ በላይ ሦስተኛ የለውም። ከሚ ቢነሣ ድምፆቹ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ እና ዶ ናቸው። መምህሩ ይህን ዜማ በሚ ማይነር ኮርድ ሲያጅብ በቅኝቱ ውስጥ የሌለውን ሶልን ያስገባል፤ በሚ ሜጀር ቢያጅብ ደግሞ ከእርሱም የራቀ ድምፅ ያመጣል። በአንቺሆዬ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ መነሻውን የሚደግፍ ንጹሕ አምስተኛ እንኳ የለምና። የሠለጠነ ሙዚቀኛ እነዚህን ግጭቶች አውቆ ያስታርቃል፣ አንዳንዴም ውበት ያወጣባቸዋል። ጆሮው ገና በመቀረጽ ላይ ያለ ልጅ ግን ኮርዱን እንደ እውነት፣ ቅኝቱን እንደ ስሕተት ይማረዋል። አያቱ ስታንጎራጉር የሰማው ዜማ ከጊታሩ ጋር «አልገጥም» ሲለው የሚጠረጥረው አያቱን ነው።

አሁን ጊታሩን በሌላ ዓይን እንየው። በተለመደው አቃኘት የስድስቱ ክሮች ባዶ ድምፅ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። እነዚህን ድምፆች ከሶል ጀምሮ በተራ ብንደረድራቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ፤ ይህም ትዝታ ሜጀር ነው። ጊታሩ ማንም ጣት ሳያርፍበት የትዝታን አምስት ድምፆች ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። በሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ብቻ ለመጫወት ልጁ የሚጫነው ሁለት ቦታ ነው፤ ላን በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ ሬን በሁለተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት። የቀሩት ሦስቱ ባዶ ክር ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የበለጠ ያስደስታል። ባቲ ሜጀር፣ ማለትም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ በእነዚሁ ሦስት ክሮች ላይ እንዲሁ ሁለት ቦታ ብቻ መጫን ይጠይቃል፤ ዶን በሁለተኛው ክርና ፋን በመጀመሪያው ክር፣ ሁለቱንም በመጀመሪያው ፍሬት ላይ። በእነዚህ ላይ ላን ጨምሮ ሶልን መተው ደግሞ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋን ያስገኛል፤ እነርሱም ከላ ሲነሡ ትዝታ ማይነር፣ ከሚ ሲነሡ አምባሰል ናቸው። አንድ ሕፃን የአንድ እጁን ሁለት ጣቶች ብቻ እያንቀሳቀሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሦስቱን በነጠላ ዜማ ሊጫወት ይችላል። አንቺሆዬ ይቆየው፤ ለጀማሪ እጅም ለጀማሪ ጆሮም ቀላል አይደለም።

ከልጁ ጆሮ ቋንቋ መነሣት በዓለም የሙዚቃ ትምህርት ታሪክ የተፈተነ መንገድ ነው። ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ የልጆች ትምህርት ከሀገሩ ሕዝባዊ ዜማ፣ በተለይም ከአምስት ድምፅ ዜማዎች እንዲነሣ አጥብቆ ተከራክሯል። ካርል ኦርፍም ለልጆች ባዘጋጃቸው ዚሎፎኖች ላይ አንዳንድ ቁልፎች እየተነሡ አምስት ድምፅ ብቻ እንዲቀር አድርጓል። ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ ደግሞ ልጅ ቋንቋን በመስማትና በመድገም እንደሚለምድ ሁሉ ሙዚቃንም እንዲሁ ይማር፣ ንባብ ይቆየው፣ ወላጅም በትምህርቱ ይገኝ አለ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አዲስ ግኝት ሆኖ መቅረቡ ትንሽ ያስገርማል። በዜማ ቤት ተማሪው ከመምህሩ ቃል ሰምቶ፣ ተቀብሎ፣ ደጋግሞ ይይዛል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በምልክት የተደራጀው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በጆሮና በቃል ነው። ምልክቱ ከመጣ በኋላም ቢሆን ለሚያውቀው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቀው መምህር አልሆነም። የሰባት ዓመት ልጅን በአምስት መስመር ኖታ የሚጀምር መምህር ከሱዙኪ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሀገሩ ልማድም ተጣልቷል።

እንግዲህ ለምን በክራር አይጀመርም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ክሮቹ በቅኝቱ ልክ ስለሚቃኙ የተሳሳተ ድምፅ የማውጣት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ በድርድርም በግርፍም ይጫወቱታል። በግርፍ ጊዜ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች እየነካ ዝም ያሰኛል፤ ይህም ለጊታር እጅ ግሩም ዝግጅት ነው። መቃኘት ራሱ የጆሮ ትምህርት ነው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ልጁ ክሩን አጥብቆ ወይም አላልቶ ልዩነቱን መስማት አለበት። ሆኖም ጊታር የጠየቀን ልጅ «ባህልህ ነው» ብሎ ክራር ማስያዝ ቅር ማሰኘት ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ ቅሬታውን የሚያስታውሰው በመሣሪያው ስም ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል ይኑሩ፤ መምህሩ በክራር ሐረጉን ይጫወት፣ ልጁ በጊታር ይመልስ። በቅኝት መጀመር ለአገር ፍቅር ሲባል ብቻ የሚደረግ ከሆነ በቶሎ ይሰለቻል። እዚህ የቀረበው ምክንያት ለትንሽ እጅ የሚቀልና ለልጁ ጆሮ የቀረበ መሆኑ ነው።

የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ሌላ ነው። ኮርድ ያልያዘ ልጅ ከሌሎች ጋር መጫወት አይችልም፣ ጊታርም በመሠረቱ አጃቢ መሣሪያ ነው ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ለዚህም ሁለት ክር ላይ የሚያርፍ ድጋፍ ይበቃል፤ በሶል ትዝታ ላይ አራተኛውና ሦስተኛው ክር በባዶአቸው ሬንና ሶልን ይሰጣሉ፣ ልጁም ምንም ሳይጫን እነርሱን እየመታ ጓደኛው የሚጫወተውን ዜማ ያጅባል። ሙሉው ኮርድ እጁ ሲሰፋ፣ በዘጠኝና በዐሥር ዓመቱ፣ ሳይጨነቅ ይመጣል።

የቀረው የሁኔታዎች ጉዳይ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል፤ የመማሪያ መጽሐፍ መኖር ግን በራሱ መሣሪያን በክፍል ውስጥ አያስቀምጥም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በሀገር በቀልም በምዕራባዊ መሣሪያዎችም ሙዚቀኞችን ያሠለጥናል፤ ከተመራቂዎቹ መካከል ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚደጉሙት ልጆችን በማስተማር ቢሆንም ሕፃንን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ተደርጎ አይታይም። ከሁለቱ መሣሪያዎች ጋር ቅኝትን መሠረት ያደረገ አንድ የሕፃናት ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ከጥሩ የድምፅ ቅጂ ጋር፣ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው።

ቤቱም ይታሰብ። የለገሃር ሰፈር በመልሶ ማልማት ላይ ነው፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት ፕሮጀክት 36 ሄክታር ይሸፍናል። ከግቢ ወደ ፎቅ የሚገባ ቤተሰብ ግድግዳውን ከጎረቤት ጋር ይጋራል፤ ደጋግሞ የሚለማመድ ልጅ በጎረቤት ዘንድ የሚወደደው ለጥቂት ቀን ነው። በዚህ ረገድ እንኳ በጣት ቀስ ተብሎ የሚመታ የናይለን ክር ነጠላ ዜማ፣ በመግረፊያ ከሚገረፍ የብረት ክር ኮርድ ይሻላል። ልምምዱ ለስድስት ዓመት ልጅ በቀን ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ከእራት በፊት፣ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ ዜማውን አብሮ እያንጎራጎረ። እናትም ሆነ አባት ጊታር መያዝ አያስፈልጋቸውም፤ ትዝታን ማንጎራጎር ከቻሉ ልጁ ሲሳሳት ከመምህሩ ቀድመው ይሰሙታል።