ሐረር የተገኘው መልስ አሰቦት ይድረስ

አሰቦት የመንገድ ከተማ ናት። ከአዋሽ በቦርደዴ በኩል ወደ ሚኤሶና ጭሮ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ ከእሱም በፊት የጂቡቲው ባቡር፣ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ በሽታም አብሮ ተመላልሷል። ኤችአይቪ በመጣ ጊዜ የከባድ መኪና ሾፌር የሚያድርባቸው የመንገድ ከተሞች ቅድሚያ ማግኘታቸው ተገቢ ነበር። በዚያው በር የሚገባ፣ በደም እንዲያውም ከኤችአይቪ በቀለለ መንገድ የሚጋባ ሌላ ቫይረስ ግን ያን ያህል ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። እሱም ሄፓታይተስ ቢ ነው።

አገራችን ስለዚህ ቫይረስ ሳታውቅ አልቀረችም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ስለ ጉበት ቫይረሶች ያደረጉትን ጥናት ማሳተም የጀመሩት ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ የሄፓታይተስ ኤ፣ ቢና ዴልታን ስርጭት የሚያሳየው ሥራቸው የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ከ5 ሺህ በላይ ወጣት ወንዶችን ደም መርምረው፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ቫይረሱን በደሙ ይዞ እንደሚኖር አሳተሙ። ከአሥር አንድ ማለት በማንኛውም ሰፊ ቤተ ዘመድ ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ለእኛ ለሐረርጌዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሐረር ላይ የተሠራው ነው። ከ2015 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች 150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አጠኑ። ከሦስቱ ከአንድ በላይ በሚሆኑት ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ግን ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱም አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ እነዚሁን ሕመምተኞች ከሌሎች 300 ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በወንዶች ላይ የጫቱ መጠን በጨመረ ቁጥር የጉበት ሕመሙ አደጋም እየጨመረ ሄደ። ጫት የቤታችን ገቢ፣ የልጆቻችን የትምህርት ቤት ወጪ በሆነበት አገር ይህን መስማት ይከብዳል። ቢከብድም ሊነገረን ይገባል፤ የጥናቱ ውጤት በመጽሔት ታትሞ ቀርቶ ገበሬውና ቃሚው ካልሰሙት፣ ደማቸውን የሰጡት ሕመምተኞች ውለታ ባክኖ ይቀራል።

የጫቱ ጉዳይ ገና ብዙ ምርምር ይፈልጋል። የቫይረሱ ግን መልሱ በእጃችን ነው። ሄፓታይተስ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደም፣ በጋራ ምላጭ፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ እንጥል በማስቆረጥ ይተላለፋል። በጉርሻና አንድ መሶብ ቀርቦ በመብላት አይተላለፍም፤ በዚህ ፍርሃት የታመመን ሰው ማግለል ግፍ ነው። ከሁሉ የከፋው መተላለፊያ ግን ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ያለው ነው። ጎልማሳ ሆኖ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ራሱ ያስወግደዋል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ምንም ሳያመው ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ሆዱ ውኃ መቋጠር ሲጀምር «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ይጨመቅለታል፤ ሆስፒታል ሲደርስ ጉበቱ ጠጥሮ ወይም ካንሰር ሆኖ ይገኛል።

ክትባቱ አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው መርፌ ውስጥ ለሕፃናት ይሰጣል፤ የዚህ መርፌ መጀመሪያ ግን በ6ኛው ሳምንት ነው። እናቱ ቫይረሱ ላለባት ልጅ ስድስት ሳምንት እጅግ ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲወተውት ቆይቷል። መድኃኒቱም አለ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮግራም ከ1 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን መዝግቦ፣ ለሚያስፈልጋቸው ቴኖፎቪር እየሰጠ በኢትዮጵያ አቅም መታከም እንደሚቻል አሳይቷል። ቴኖፎቪር ደግሞ በኤችአይቪ መድኃኒት ውስጥ ያለ፣ በብዙ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ የሚገኝ ነው። ጉበቱ ብቻ የታመመ ሰው ያንኑ ኪኒን ለማግኘት ከአሰቦት ተነስቶ ትልቅ ከተማ የሚንከራተትበት ምክንያት ሊገባኝ አይችልም።

የምዕራብ ሐረርጌ ጤና ኃላፊዎች ሆይ፣ የጤና ጣቢያዎቻችሁ የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያ እንዳይጎድላቸው አድርጉ፤ ክትባቱንም ማዋለጃ ክፍል ድረስ አስገቡት። ነፍሰ ጡር እህቶቼም፣ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ደም ስትሰጡ የጉበቱም እንዲታይላችሁ ጠይቁ። የሚወሰደው ደም ያው ነው።