የአድናቂው ክርክር ለአልበም ገበያ ጉዳት ወይስ ጥቅም?

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ የድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም ገበያ ላይ ሲውል አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገር እኩል ደራ፤ ሽያጩና ክርክሩ። ዲስኩን የያዙ አዟሪዎች መኪና በቆመበት ሁሉ ሲሯሯጡ፣ ገዝቶ የሰማውም ሳይገዛ የሰማውም በየካፌውና በየታክሲው ፍርድ መስጠት ያዘ። «እንደ ድሮው አይደለም» ያለ ነበር። «ከእስካሁኖቹ ሁሉ ይበልጣል» ያለም ነበር።

ክርክሩ ስለ ዜማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለኪነ ጥበብ ዓምድ በተተወ ነበር። ነገር ግን ከጀርባው ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ። ስሙ የታወቀ ነጋዴ ሸቀጡን ሲለውጥ የቆየ ደንበኛው ይከተለዋል ወይስ ይሸሸዋል? የደንበኛው ማጉረምረምስ ዋጋ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

ሦስቱ ወገኖች

ድምፃዊው በ1993 ዓ.ም. «አቡጊዳ» ብሎ ከተነሣ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚህ ዓመታት የሰበሰባቸው አድናቂዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ የ«አቡጊዳ» ዘመን ወጣቶች ሲሆኑ ከእሱ የሚፈልጉት የፍቅር ዘፈን ነው። ሁለተኛዎቹ በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል»፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዐድዋንና ምኒልክን ያነሣው «ጥቁር ሰው» ያመጣቸው ናቸው። እነዚህኞቹ ታሪክና አገር ካልተነሣ አልበም ወጣ አይሉም። ሦስተኛዎቹ ታሪኩን ድምፃዊው በሚያይበት ዓይን የማያዩ ናቸው፤ ዜማውን እየወደዱ ግጥሙን ይሟገታሉ፣ ወይም ጨርሶ አይገዙም።

«ኢትዮጵያ» ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ዲስክ የቀረበ ነው። አፄ ቴዎድሮስን የሚያነሣው ዘፈን ለሁለተኛው ወገን ነበር። «ማር እስከ ጧፍ» ደግሞ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተቀዳ በመሆኑ የፍቅርም የታሪክም ሆኖ ሁለቱን ለማስታረቅ የሞከረ ይመስላል። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ቀደም ብሎ መለቀቁም የነጋዴ ብልሃት አለበት። ቡና ገዢ ጆንያውን ከመውሰዱ በፊት ናሙናውን እንደሚቀምስ ሁሉ አድማጩ ናሙናውን ቀመሰ፤ ክርክሩም ዕቃው መጋዘን ሳይደርስ ተጀመረ።

ጥቅል ሸቀጥ

አልበም ጥቅል ሸቀጥ ነው። በሸክላ ዘመን ገዢው በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት ሌላ ዘፈን ይዞ ይሄድ ነበር። ካሴት ሲመጣ ግን አሥርና ከዚያም በላይ ዘፈን በአንድ ዋጋ መግዛት ግዴታ ሆነ። ገዢው የሚወዳቸውን ሦስት ዘፈኖች ለማግኘት የማይወዳቸውንም አብሮ ይከፍልባቸዋል። ይህ በአድማጩ ላይ የተጫነ ዕዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥቅም ነበረው።

ገንዘቡን ያወጣ ሰው ዕቃውን ቶሎ አይጥልም። ካሴቱን ደጋግሞ ያዞራል፤ መጀመሪያ «ይሄ ምንድነው?» ያለውን ዘፈን በሦስተኛው ወር ሲያንጎራጉረው ይገኛል። «የድሮው ይሻላል» የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚረሱት ነገር ቢኖር የድሮውም አዲስ በነበረ ጊዜ «የድሮው ይሻላል» ተብሎ የታማ መሆኑን ነው። የቆየውን ዘፈን ያጣፈጠው የድምፃዊው ጉሮሮ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ያለፉት ዓመታትም ጭምር ናቸው። አዲሱ አልበም ከእነዚያ ዓመታት ጋር እንዲወዳደር ሲጠየቅ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

ስለዚህ በጥቅል ገበያ ውስጥ ክርክር ጉዳት አልነበረም። ተከራካሪው ለመሟገት መስማት ነበረበት፤ ለመስማትም መግዛት፣ ቢያንስ መዋስ ነበረበት። የተዋሰው ሰውም ውሎ አድሮ የራሱን ይገዛል፤ ካልሆነም ኮፒ ያደርጋል። የገበያው ቁስል የነበረው ይህ የመጨረሻው እንጂ ሙግቱ አልነበረም።

ክርክር የሚፈራ ገንዘብ

ክርክርን የሚፈራ ገንዘብ ግን አለ፤ እሱም የስፖንሰር ገንዘብ ነው። ለዚህ ከዚሁ ድምፃዊ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በጥር 2006 ዓ.ም. የኮንሰርት ጉዞውን ስፖንሰር ሊያደርግ የተዋዋለ አንድ ቢራ ፋብሪካ በማኅበራዊ መገናኛ የተቃውሞ ዘመቻ ሲነሣበት ውሉን አቋረጠ። በፋብሪካው መፍረድ አይቻልም። ቢራ ሻጭ የሚፈልገው የሁሉም ሰው ጠርሙስ እንዲከፈት ነው፤ ከአሥር ጠጪ አንዱ ካኮረፈበት ይሰላል። ዲስክ ገዢ ግን የሚከፍለው ለራሱ ጆሮ ነው። ጎረቤቱ ወደደው ጠላው ደንታ የለውም።

የ2009ኙ አልበም ይህንኑ ልዩነት አሳየ። በነሐሴ ወር መጨረሻ የአልበሙ የምረቃ ዝግጅት በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ሊካሄድ ሲል ተከለከለ። ድምፃዊው በባሕር ዳር መድረክ ላይ የወጣው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥር ባሉት ወራት አልበሙን ተሸክሞ የቆየው የኮንሰርት ትኬት ሳይሆን በየግሉ ኪሱን የዳሰሰው አድማጭ ነው።

በዚያው ግንቦት አልበሙ በአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። አድናቂዎቹ «የዓለም አንደኛ» ብለው ሲፎክሩ የንግድ ሰው ጥቂት ቆም ማለት አለበት። ሠንጠረዡ የሚለካው አሜሪካ ውስጥ ያለውን ገበያ ሲሆን «የዓለም ሙዚቃ» ለተባለው ዘርፍ ብቻ የተለየ ነው፤ ከመጽሔቱ ዋና የአልበሞች ሠንጠረዥ ጋር አንድ አይደለም። ሆኖም ቁም ነገሩ አይናቅም። ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖረው ኢትዮጵያዊ እየተሟገተም ቢሆን በዶላር ከፍሏል። የተሟገተና የከፈለ ደንበኛ ደግሞ ዝም ብሎ በነፃ ከሚሰማ ደንበኛ ይሻላል።

አደጋውን ማን ይሸከም?

በዚህ አገር የሙዚቃ ንግድ ከጥንት ጀምሮ አደጋውን የተሸከመው አሳታሚው ነው። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር በነበረበት ጊዜ ደፍሮ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ሲጀምር አደጋው የእሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ሙዚቃ ቤቶችም ልማዱ ቀጠለ። ድምፃዊው ማስተሩን በቁርጥ ዋጋ ሸጦ ይወጣል፤ ትርፉም ኪሳራውም የሙዚቃ ቤቱ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል አሳታሚው ለማስተሩ 2 ሚሊዮን ብር ቁርጥ ከፍሎ ከእያንዳንዱ ዲስክ ወጪው ተቀንሶ 10 ብር ቢተርፈው፣ 300 ሺሕ ሲሸጥ 1 ሚሊዮን ያተርፋል። 100 ሺሕ ብቻ ቢሸጥ 1 ሚሊዮን ይከስራል። እንዲህ ያለ ስሌት የያዘ ሰው አንጋፋውን ድምፃዊ «አዲስ ነገር ሞክር» አይለውም። «ያንን የለመድነውን ድገምልን» ነው የሚለው። አድናቂው «ራሱን ደገመ» ብሎ የሚወቅሰው ድምፃዊ ብዙ ጊዜ የደገመው ሐሳብ አልቆበት ሳይሆን ውሉ አስገድዶት ነው።

ይኸው ውል 800 ሺሕ ብር ቅድሚያና ከየዲስኩ 4 ብር ለድምፃዊው ቢሆን 300 ሺሕ ሲሸጥ ሁለቱም ከቀድሞው ጋር አንድ ዓይነት ገንዘብ ያገኛሉ። 100 ሺሕ ቢሸጥ የአሳታሚው ኪሳራ ከ1 ሚሊዮን ወደ 200 ሺሕ ይወርዳል። 500 ሺሕ ቢሸጥ ደግሞ የድምፃዊው ድርሻ ወደ 2.8 ሚሊዮን ከፍ ይላል። በዚህ መልክ አደጋው ከተከፈለ አዲስ ነገር ለመሞከር ሁለቱም ድፍረት ያገኛሉ። ክርክሩም የጋራ ሀብታቸው ይሆናል።

ላም አለኝ በሰማይ

ዛሬ ካሴትም ዲስክም አልፎበታል። አድማጩ በስልኩ በዩቲዩብ ይሰማል፤ ክርክሩም በነፃ ሆኗል። ክፍያው የሚመጣው ከማስታወቂያ ሲሆን ተመልካቹ በሚኖርበት አገር የማስታወቂያ ዋጋ ስለሚሰላ የአዲስ አበባው ጆሮ ከዋሽንግተኑ ያነሰ ያወጣል። በነጠላ ዘፈን የተለመደ አድማጭ ጥቅሉን ሦስት ወር አያዞርም፤ ሁለት ቀን ተሟግቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ስለዚህ አንጋፋው ድምፃዊ ወደ ስፖንሰር ይገፋል፤ ስፖንሰር ደግሞ ሙግት አይወድም። የቢራ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከታገደ ወዲህ ያውም በር ጠቧል።

መውጫው በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንጉ አሳታሚ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የ2007 ዓ.ም. ማሻሻያውም ሮያሊቲን በጋራ ለሚሰበስቡ ማኅበራት መንገድ ከፍቷል። ሆቴሉ፣ ቡና ቤቱ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ደንበኛ የሚስቡበትን ሙዚቃ እንደ መብራትና እንደ ውሃ ወጪ ቆጥረው ካልከፈሉ ግን ሕጉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል። ለባለሀብት ደግሞ የ50 ዓመት ገቢ ሊያስገኝ የሚችል ንብረት በቀላል የሚታይ አይደለም። በጥሩ ውል የተያዘ የአንጋፋ ድምፃዊ ማስተር ኪራይ እንደሚያስገባ ቤት ነው፤ ኪራይ ሰብሳቢ ካለው።

አድናቂው ይከራከር። «የድሮው ይሻላል» ማለትም መብቱ ነው። ነገር ግን በገበያ ሕግ ድምፅ የሚኖረው የከፈለ ነው። አድማጩ ካልከፈለ በቀጣዩ አልበም ላይ ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ከፋዩ ስፖንሰር ነው፤ ያ ከፋይ ደግሞ የሚመርጠው ማንም የማይከራከርበትን አልበም ነው።