ደጅ ጥናትና መዝገብ

መሥሪያ ቤቶቻችን ስለ ምን ይዘገያሉ ቢባል፥ አንዱ «የጥንት ልማድ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከውጭ የተቀዳው ሕግ ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሹን ብቻ ያያሉ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ስሙ አዲስ ነበር፤ ተሿሚዎቹ ግን በግቢ አገልግሎት የተፈተኑ ሰዎች ነበሩ። ኋላም በ1949 የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በስዊሱ ዣን ግራቨን፥ በ1952 የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ረቂቅ መነሻነት ወጣ። እነሆ፥ መዝገቡ የአውሮፓ፥ ደጁ የግቢ ሆነ።

ድብልቅ መሆኑን አልነቅፍም፤ ድብልቅ ያልሆነ መንግሥት ከወዴት ይገኛል? የምነቅፈው ከሁለቱ የመረጥነውን ነው። ደጅ የጠና ሰው ጌታውን በዓይኑ ያይ፥ ሲከፋውም «አቤት» ብሎ ወደ ንጉሥ ችሎት ይጮኽ ነበር (ስንቁ አልቆ የተመለሰም ብዙ መሆኑ አይካድም)። መዝገብም በባሕርዩ ቀንን፥ ምክንያትንና ፊርማን ይጠይቃል። እኛ ግን ከደጁ መጠበቁን፥ ከመዝገቡ መደበቁን ወሰድን። «ነገ ተመለስ» የተባለ ባለጉዳይ የሚያየው ፊት፥ የሚያነበውም ምክንያት የለውም።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍ፥ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ «ልማዳችን ነው» የሚል ሹም፥ ይህንኑ ምክንያቱን በወረቀት አስፍሮ ስሙን ይፈርምበት።