አሮጌውን እናድስ ወይስ ሲኖ እንግዛ?

ሰሞኑን ከባድ መኪና ያለበት ቤት ሁሉ ክርክሩ አንድ ነው፤ «ሞተር እናውርድ ወይስ ሸጠን፣ ጨምረን፣ አዲስ እንግዛ?» አብዛኞቻችሁ ተሳቢ የምታውቁት ቀለበት መንገድ ላይ ከፊታችሁ እያዘገመ ጭሱን ሲያጠጣችሁ እንደሆነ እናውቃለን (ይቅርታ፣ አንዱ የኛ ሳይሆን አይቀርም)። ግን የምትጠብሱበት ዘይትም፣ የቤታችሁ ብረትም አብዛኛው ከጅቡቲ በጎማ ተንከባሎ የመጣ ነው። ስለዚህ ወሬው እናንተንም ይነካል፤ እስቲ ትንሽ ታገሱን።

እኛ የከባድ መኪና ልጆች ነን። ደብተራችን፣ ዩኒፎርማችን፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘባችን የወጣው ከአንድ ዩሮትራከር ከነተሳቢው ነው። አሁን መኪናው ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ይለምናል። አባባ «ይታደስ» ይላል። ታላቅ ወንድማችን «ይሸጥ» ይላል። እናታችን «ብቻ አትጣሉ» ትላለች። ቤቱ ለሁለት ከተከፈለ ወራት አለፉ።

የአባባን ትውልድ ለመረዳት ኤንትሬን ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያኖቹ ፊያት 682ን መሥራት የጀመሩት በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ አህጉሩን ስላዳረሰ «የአፍሪካ ንጉሥ» እስከመባል ደርሷል። ዛሬ የታክሲ ረዳቶች እንደ ሰፈር ስም የሚጠሩት አምቼም በ1960ዎቹ ተቋቁሞ የፊያትና የኢቬኮ መኪኖችን ሲገጣጥም የኖረ ፋብሪካ ነው። ኤንትሬ ውስጥ ኮምፒውተር የለም። የተሰበረው ቶርኖ ቤት ይቀረጻል፤ መንገድ ላይ ከቆመ ሾፌርና ረዳት ከሥሩ ተኝተው ይፈቱታል። በዚያ መኪና ያደገ ሰው «መኪና ያረጃል» ብትሉት አይገባውም። ሰው ነው የሚያረጀው ይላችኋል።

ወንድማችን ደግሞ የዘመኑ ሰው ነው፤ መልሱ «ብድር» ነው። እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው። 10 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ተበደርን እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይጠጋል፤ በወር 150 ሺህ። ዋናው ዕዳ ገና ሳይነካ፣ ጎማ ሳይገዛ፣ ሾፌሩ አበሉን ሳያገኝ! መኪናው ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ሳምንት ቢቆም ወለዱ አብሮት አይቆምም። ያገለገለ ከውጭ እናምጣ እንዳንል፣ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ደግሞ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። «ትንሽ ይጠራቀምና እንገዛለን» ሲል የነበረ ሁሉ ያጠራቀመው ባለበት ቆሞ መኪናው ሸሸው።

በዚህ ላይ አባባ ፈገግ ይላል። ግን ቆይ አባባ! ያው ዶላር ሶማሌ ተራ ያለችው ኩሽኔታ ላይም ወጥቷል። ደግሞ አባባ ሒሳብ ሲሠራ የሚቆጥረው ለመካኒክና ለመለዋወጫ የከፈለውን ብቻ ነው፤ መኪናው ጋራዥ የተኛበትን ቀን አይቆጥርም። እኛ ግን አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተን የስድስት ወሩን ደረሰኝና የረዳቱን የስልክ መልእክቶች ሰብስበን ጻፍነው፤ ስንት ቀን ቆመ፣ በምን ምክንያት ቆመ፣ ስንት ቢያጆ አመለጠ። የገረመን ነገር፣ ያ ሁሉ ክስ የሚቀርብበት ሞተር ከጥፋተኞቹ መሃል ዋናው አይደለም። ያቆሙን ጎማ፣ ባሌስትራ፣ የፍሬን አየር ቱቦ ናቸው። ናፍጣውን ግን ሞተሩ ላይ መጻፍ አለብን፤ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ስለመጣ የደከመ ሞተር የሚያቃጥለው ትርፍ ናፍጣ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

የከባድ መኪና ሞተር ሲሠራ ጀምሮ እንዲታደስ ታስቦ ነው። ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቱቦ ወጥቶ በአዲስ ይተካል፣ ክራንክ ሻፍቱ ተሞርዶ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባለታል፣ ሞተሩ ተመልሶ ይወለዳል። ሻንሲ ግን እንዲህ አይደለም። ከልክ በላይ እየተጫነ የተሰነጠቀ ሻንሲ በብየዳ ይደፈንና ቀለም ይቀባል፤ ብየዳው ያሞቀው ብረት ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ቀለሙ ያምራል፣ ስንጥቁ ከሥር አለ። ፍሬን ደግሞ የባሰ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ታምቡሩ ይግላል፣ በጣም ሲግል ሸራው መያዙን ይተዋል። ነባር ሾፌሮች ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ለዚህ ነው። አሮጌ የአየር መስመር ያለው መኪና 40 ቶን ጭኖ እዚያ ላይ ሲወርድ፣ ቦሎው ታድሷል ማለት ለረዳቱ ምን ይጠቅመዋል? (አዲስ መኪናም በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ የአዲስ አበባ ሰው ሲኖን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም።)

እንግዲህ የኛ ድምፅ «ይታደስ» ነው፤ ግን አባባ በሚለው ቅደም ተከተል አይደለም። ሞተሩ መጨረሻ ይምጣ። መጀመሪያ የአባባ ጓደኛ ያልሆነ መካኒክ ሻንሲውን ፍቆ ይይ። ስንጥቅ ከተገኘ ማደሱ ይቅር፤ ያኔም «እየነዳህ ሂድ» ብለን ለሌላ ሰው አንሸጠውም፣ ፈትተን በመለዋወጫነት እንሸጠዋለን። ደላላው ይስቅብን ይሆናል፤ ይሳቅ፣ ለሌላ እናት ልጅ የተቀባ ስንጥቅ አንሸጥም። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ፍሬኑ በሙሉ ይቀየር፣ ከዚያ ሞተሩ ይውረድ፣ መኪናውም ከጅቡቲ መስመር ወጥቶ ከሞጆ ደረቅ ወደብ አዲስ አበባ ይመላለስ። ወንድማችን «ገቢው ያንሳል» ይላል። ያንሳል። በወር 150 ሺህ ወለድ ከመገበር ግን አያንስም።

በዚህ ሁሉ ክርክር መሃል ሾፌራችንን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «ጋሼ» እያልን ነው ያደግነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አልናቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው «መጀመሪያ የተሳቢውን ፍሬን ሸራ ግዙልኝ፤ ከዚያ ስለ ሲኖ እናወራለን» አሉ።

ሸራው ሰኞ ተገዝቷል። የሻንሲው ምርመራ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል። ወንድማችን ግን እስካሁን የሲኖ ፎቶ በቴሌግራም መላኩን አላቆመም።